ውሃው የት ነው ያለው?

ቅዳሜ ቅዳሜ ባቡር ላይ እሳት አነዳለሁ ስል ጓደኞቼ ይስቃሉ። «አሜሪካ ድረስ መጥተህ እሳት ታነዳለህ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። በሥራ ቀናት ዋሽንግተን ውስጥ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ቦይለር ክፍል ነው የምውለው። የሙያ ፈቃዴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ግፊቱንና ሙቀቱን በየሰዓቱ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። እረፍቴን ደግሞ ፔንሲልቬንያ ድረስ ነድቼ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የእንፋሎት ባቡር ላይ፣ ያለ ክፍያ፣ ጥላሸት ለብሼ ሳሳልፍ ሰው «ምን ነካው?» ቢል አይፈረድበትም።

የያዘኝ ቦይለሩ ነው። ሥራ ቦታ ያሉት ቦይለሮች ኮምፒውተር አላቸው። ውሃ ሲያንሳቸው ራሳቸው እሳታቸውን ያጠፋሉ። የባቡሩ ቦይለር ግን እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። የሚጠብቀው ሰው ነው። ሰውየው ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ውሃው የት ነው ያለው? ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ጥያቄ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። የእንፋሎት ባቡር ቦይለር ማለት የተጋደመ ረጅም የብረት በርሜል ነው። ከኋላ፣ ነጂው ከሚቆምበት ክፍል ፊት ለፊት፣ የእሳት ሳጥኑ አለ። ሳጥኑ ራሱ ቦይለሩ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ከጎንም ከላይም ውሃ ከቦታል። ከእሳቱ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ውሃው መሀል በተዘረጉ ብዙ ቱቦዎች አልፎ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ከላይ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ወደ ሲሊንደሮቹ ሄዶ ፒስተን ይገፋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አደገኛው ቦታ የእሳት ሳጥኑ ጣሪያ ነው። ከሥሩ ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሚነድ እሳት ይልሰዋል። ከላይ ውሃ ተኝቶበታል። በ14 ባር ግፊት ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 198 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለብረት 198 ዲግሪ ምንም ማለት አይደለም። ውሃው ሙቀቱን እየወሰደለት እስካለ ድረስ ጣሪያው ምንም አይሆንም። ውሃው ከጣሪያው በታች ከወረደ ግን ሙቀቱን የሚወስድለት የለም። ብረቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፣ ይቀላል፣ ይለሰልሳል። ግፊቱ ደግሞ ከላይ ይጫነዋል። መጨረሻው መቀደድ ነው።

ከዚያ የሚመጣው ነው ጉዱ። ቦይለሩ ውስጥ በቶን የሚቆጠር ውሃ አለ። 198 ዲግሪ ሞቆ፣ ግፊቱ አፍኖ ስለያዘው ብቻ ውሃ ሆኖ የቆየ። ጣሪያው ሲቀደድ ግፊቱ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ከውሃው ከአምስት አንድ እጁ ገደማ ባንዴ እንፋሎት ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት። ቦይለር ከነመቀመጫው ተነቅሎ፣ አየር ላይ ተገልብጦ ሜዳ ላይ የወደቀበት ጊዜ አንድና ሁለት አይደለም።

ሰው የሚፈራው ግን የግፊት መለኪያውን ነው። ሴፍቲ ቫልቩ (ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱ ተከፍቶ እንፋሎት የሚያስወጣው) እየጮኸ ሲከፈት ሕፃናት ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ ወላጆች ወደ ኋላ ይላሉ። እኔ ያን ድምፅ ስሰማ ደስ ይለኛል። ቫልቩ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። (ከሰል አባክኛለሁ ማለትም ነው፤ ጋሼ በዚህ በጣም ነው የሚናደዱት።) ውሃ ሲያንስ ግን የሚጮህ ነገር የለም። ባቡሩ እንደወትሮው ይሄዳል፣ ግፊቱም ደህና ነው። መንገደኞቹም አይስክሬማቸውን ይበላሉ።

ጋሼ የምላቸው ባቡሩን የሚነዱትን ሽማግሌ ነው። አሜሪካዊ ናቸው። እዚህ አገር ሁሉም በስሙ ነው የሚጠራራው፣ እኔም ፊት ለፊት በስማቸው ነው የምጠራቸው። በሆዴ ግን ጋሼ ናቸው። ሰባዎቹን ያጋመሱ ሰው እንዴት ብዬ ደፍሬ! እሳቸው ታዲያ መጀመሪያ ያስተማሩኝ አካፋ አያያዝ አይደለም። የውሃ መስታወቱን መፈተሽ ነው።

የውሃ መስታወቱ አንድ ስንዝር ከምናምን የሚሆን ወፍራም የመስታወት ቱቦ ነው፤ እንዳይፈነጣጠር በመከላከያ ተሸፍኗል። ከላይ በአንድ ቫልቭ ከእንፋሎቱ ጋር፣ ከታች በሌላ ቫልቭ ከውሃው ጋር ይገናኛል። ሥሩ ላይ ማፍሰሻ አለው። መስታወቱ ውስጥ ያለው ውሃና ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው። መሆን አለባቸው ነው ያልኩት።

ፍተሻው እንዲህ ነው። የላዩን ቫልቭ ትዘጋለህ፣ ማፍሰሻውን ትከፍታለህ። ውሃ በኃይል መውጣት አለበት። ካልወጣ የታችኛው መንገድ ተደፍኗል። ቀጥሎ የታችኛውን ዘግተህ የላዩን ትከፍታለህ። አሁን የሚወጣው እንፋሎት ብቻ መሆን አለበት። መጨረሻ ላይ ማፍሰሻውን ዘግተህ ሁለቱንም ትከፍታለህ። ያን ጊዜ ውሃው ዘሎ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። እየተንፏቀቀ ከመጣ አንደኛው ቀዳዳ መጥበብ ጀምሯል። ተመልሶም ጸጥ ብሎ አይተኛም፤ ባቡሩ በተነቃነቀ ቁጥር ከፍ ዝቅ ይላል። ጋሼ ጸጥ ያለ ውሃ አይወዱም። «የማይነቃነቅ ውሃ ካየህ፣ ቦይለሩ ውስጥ ያለውን ውሃ እያየህ አይደለም» ይሉኛል።

እኛ ባቡር ላይ መስታወቱ ሁለት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ቢያንስ ሁለት ይላል። የመስታወቱ የመጨረሻ ዝቅተኛ ንባብ ደግሞ ከጣሪያው ከፍተኛ ቦታ ቢያንስ 3 ኢንች፣ ማለትም 7.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህ ውሃው መስታወቱ ግርጌ ላይ እየታየ ከሆነ ገና የተረፈ ነገር አለ። ከመስታወቱ ከጠፋ ግን ምን ያህል እንደቀረ የሚያውቅ የለም።

ውሃ የሚጨመረው በኢንጀክተር ነው። ይህችን ዕቃ ሳላደንቅ ማለፍ አልችልም። ፈረንሳዊው አንሪ ጂፋር በ1858 የፈጠራት ናት። ውስጧ የሚሽከረከር ነገር የለም። ከቦይለሩ እንፋሎት ትወስዳለች፣ በጠባብ አፍ ታስወነጭፈዋለች። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ውሃ ይዞ ይፈጥናል፣ እግረ መንገዱን ራሱም ወደ ውሃነት ይለወጣል። ከዚያ ፍጥነቱ ወደ ግፊት ተቀይሮ ውሃውን እዚያው ቦይለር ውስጥ መልሶ ይከተዋል። ከ14 ባር የወጣ እንፋሎት 14 ባር ወዳለበት ዕቃ ውሃ ያስገባል። መጀመሪያ ሲነገረኝ ፉገራ መስሎኝ ነበር። ኢንጀክተር ግን ቁጡ ናት። የምትጠጣው ውሃ ከሞቀ ወይም ትንሽ አየር ካገኘች ታኮርፋለች። ደንቡም ይህን ስለሚያውቅ ነው ሁለት የውሃ ማስገቢያ መንገድ ይኑር የሚለው።

መስታወቱ ጤነኛ ሆኖም ሊያታልል ይችላል። ባቡሩ ፊቱን አስቀድሞ ዳገት ሲወጣ ቦይለሩም አብሮ ያዘነብላል። ውሃው ወደ ኋላ፣ ወደ እሳት ሳጥኑ ይሸሻል። መስታወቱ ያለው እዚያው ኋላ ስለሆነ ሞልቶ ይታያል። ደስ ይላል። ጫፍ ተደርሶ ቁልቁለቱ ሲጀመር ግን ውሃው ወደ ፊት ይነጉዳል። በዚያው ቅጽበት ነጂው የእንፋሎቱን መክፈቻ ይዘጋል። እየፈላ አብጦ የነበረው ውሃ ባንዴ ያርፋል። አሁን ግማሽ ድረስ የነበረው መስታወት ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እሳት አንዳጅ የሚያሰላው አሁን ያለበትን ቦታ ሳይሆን ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ የሚደርስበትን ነው። እንደዚያም ሆኖ ያለ ልክ መሙላት አይቻልም። ውሃው ከበዛ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሲሊንደር ይሻገራል፤ ውሃ ደግሞ አይጨመቅምና የሲሊንደሩን ክዳን ይሰብራል።

ይህን ሳስብ የምጽዋ–አሥመራ መስመር ትዝ ይለኛል። ጣሊያኖች በ1887 ጀምረው በ1911 አሥመራ አደረሱት። ከባሕር ዳር ተነስቶ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በጦርነቱ ዘመን ሐዲዱ እየተነቀለ ምሽግ ተሠራበት። ኤርትራ ነጻ ከወጣች በኋላ ግን ጡረታ የወጡ አዛውንት የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው መስመሩን መልሰው ሠሩት፤ የ1930ዎቹን ሎኮሞቲቮችም (ቦይለሩን የተሸከሙትን የባቡር ጎታቾች) አስነሱ። ሐዲዱን ማንም መሐንዲስ አጥንቶ ሊዘረጋው ይችላል። ዳገቱ የቱ ኩርባ ላይ እንደሚላላ፣ የት ላይ ውሃ መጨመር እንደሚያስፈልግ የሚያውቁት ግን እነዚያ አዛውንቶች ናቸው።

ውሃው ከጠፋስ? ሰው በደመ ነፍስ ኢንጀክተሩን መክፈት ይቃጣዋል። ደንቡ ግን ተቃራኒ ነው። ጣሪያው ተጋልጧል ብለህ ከጠረጠርክ ውሃ አትጨምርም። እሳቱን ትገድላለህ፣ ሰው ከአጠገቡ ታርቃለህ። አንዳንድ ቦይለሮች ለዚህ ቀን ብለው ጣሪያቸው ላይ የእርሳስ ቡሽ ይይዛሉ። እርሳሱ 327 ዲግሪ ላይ ይቀልጥና እንፋሎት ወደ እሳቱ እየተፋ ያስጠነቅቃል። ይህን ዘዴ ያመጣው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ትሬቪቲክ ነው። በ1803 ግሪኒች ላይ አንዱ ቦይለሩ ፈንድቶ አራት ሰው ከሞተበት በኋላ። ቡሹም ግን ታማኝ አይደለም። ላዩ ላይ ከውሃው የሚቀር የኖራ ቅርፊት ከጋገረበት ሊቀልጥም ላይቀልጥም ይችላል።

የአሜሪካ የመጀመሪያው የሎኮሞቲቭ ቦይለር ፍንዳታ የደረሰው ሰኔ 17 ቀን 1831 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ነው። «ቤስት ፍሬንድ ኦፍ ቻርልስተን» በሚባለው ባቡር ላይ። የሴፍቲ ቫልቩ ፉጨት ያሰለቸው እሳት አንዳጅ ቫልቩን አፈነው ይባላል። ሰውየው በደረሰበት ጉዳት ሞተ። ስሙ እንኳ አልተመዘገበም፤ በባርነት የተያዘ ሰው እንደነበር ነው የሚነገረው። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ በሎኮሞቲቩና በመንገደኞቹ መሀል ጥጥ የተጫነ ሠረገላ አስገባ። እሳት አንዳጁና ነጂው ከጥጡ ወዲያ፣ ከቦይለሩ ጋር ቀሩ። ይህን ነገር ባነበብኩ ቁጥር ያናድደኛል።

ከሁሉ ይበልጥ የማሰላስለው ግን እንግሊዝ ውስጥ የሆነውን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ለአውሮፓው ዘመቻ ያዘጋጀቻቸውን ሎኮሞቲቮች ወደ እንግሊዝ ላከች። ኤስ 160 ይባላሉ። ወደ 400 የሚሆኑት ለእንግሊዝ የባቡር ድርጅቶች በውሰት ተሰጡ። እንግሊዞቹ የለመዱት የመስታወት ቫልቭ እጀታ ያለው ነው። እጀታው ወዴት እንደዞረ አይተህ ክፍት ይሁን ዝግ በዓይንህ ታውቃለህ። የአሜሪካኖቹ ግን የሚጠመዘዝ ነበር። ስታየው ክፍትም ይሁን ዝግ ያው ነው።

ኅዳር 17 ቀን 1943 ከነዚህ አንዱ፣ ቁጥር 2403፣ ሃኒቦርን በተባለ ቦታ አካባቢ ሲሄድ ጣሪያው ተደረመሰ። እሳት አንዳጁ ሞተ። ምክንያቱ ሲጣራ የመስታወቱ የላይኛው ቫልቭ በቅጡ አልተከፈተም ነበር። እንፋሎት ከላይ በደንብ የማይገባ ከሆነ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ቀዝቅዞ ወደ ውሃነት ይለወጣል፤ ከታች ያለው ግፊት ደግሞ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። መስታወቱ ይሞላል። ሠራተኞቹ ያዩት የሞላ መስታወት ነው። ከሞላ ቦይለር ላይ ማን ውሃ ይጨምራል? በቀጣዩ ዓመት ሌሎች ሁለት ኤስ 160ዎች በተመሳሳይ ሁኔታ ጣሪያቸው ወደቀ።

እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። መስታወቱን አይተዋል። ባዶ መስታወት ቢያዩ ይደነግጡ ነበር፣ የሞላ ስላዩ ግን ተረጋጉ። እኔ ከዚህ ወዲህ የሞላ መስታወት ሳይ ነው የምጠራጠረው። ሥራ ቦታዬም ይህ አመል ተከትሎኛል። ስክሪኑ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ሲሆን ተነስቼ ወርጄ በዓይኔ አያለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «አላምን ባይ» ይሉኛል። ይበሉኝ።

ሁለተኛው ታሪክ ለኛ ቅርብ ነው፣ በመኪና የሚደረስበት። ሰኔ 16 ቀን 1995 ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ ጋርድነርስ በምትባል መንደር አቅራቢያ፣ የጌቲስበርግ የባቡር ድርጅት 1278 ቁጥር ሎኮሞቲቭ ጎብኚዎችን አሳፍሮ ሲሄድ የእሳት ሳጥኑ ጣሪያ ተቀደደ። እንፋሎቱ በእሳት ሳጥኑ በር ወደ ነጂው ክፍል ተተኮሰ። ሦስቱም ሠራተኞች ክፉኛ ተቃጠሉ። የሞተ ሰው ግን የለም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ምርመራ ያገኘው ነገር ልብ ይሰብራል። መነሻው የውሃ ማነስ ነበር። ወደ መስታወቱ የሚወስደው መንገድ በቅርፊት ተዘጋግቶ ስለነበር መስታወቱ እውነቱን አይናገርም። የቦይለሩ አጠባም የውሃው አያያዝም ጉድለት ነበረበት። ሠራተኞቹም ተገቢውን ሥልጠና አላገኙም። ከነዚህ አንዱም እንቆቅልሽ አይደለም። ሁሉም ለመቶ ዓመት ሲታወቅ የኖረ ነገር ነው። የእንፋሎት ዘመን አልፎ የሚያውቁት ሰዎች ጡረታ ሲወጡ፣ ሲሞቱ፣ እውቀቱ አብሮ ተቀበረ። ሎኮሞቲቩ ግን ቆሞ ቀረ። ከእውቀቱ የተፋታ ማሽን ያስፈራኛል።

ያን ቀን ሰዎቹን ከሞት ያተረፈው ምን ይመስላችኋል? ጣሪያውን ከላይ አንጠልጥለው የያዙት ብሎኖች ሁሉም ባንዴ እንዳይለቁ ተደርገው ነበር የተሠሩት። ገሚሶቹ ቀድመው ለቀቁ፣ ገሚሶቹ ያዙ። ስለዚህ ጣሪያው በአንድ በኩል ተከፍቶ ግፊቱ ወጣ እንጂ ቦይለሩ አልተነቀለም። ከብዙ ዓመት በፊት ካናዳ ውስጥ ወረቀት ላይ ጎንበስ ብሎ «ይህ ቢወድቅ እንዴት ይወድቅ?» ብሎ ያሰበ መሐንዲስ ነበር ማለት ነው። የማያውቃቸውን ሦስት ሰዎች አዳነ። ሎኮሞቲቩ ዛሬ ኦሃዮ፣ ሹገርክሪክ ሙዚየም ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ቅርፊቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም የጥገናው ሥራ አብዛኛው ከሱ ጋር ትግል ነው። ውሃ ሲተን ውስጡ ያለው ኖራና ጨው አብሮ አይተንም። የድሬዳዋ ልጅ ስለሆንኩ ይህን ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም። እናቴ ቤት ያለው የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ነጭ ቅርፊት ለብሶ ነው የሚኖረው። ቦይለር ውስጥ ያው ቅርፊት በብረቱና በውሃው መሀል ይገባል። ያን ጊዜ ውሃው ሞልቶ እያለም ብረቱ ይግላል፣ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው ስለሌለ። የመስታወቱን ቀዳዳም የሚደፍነው እሱው ነው። አርጀንቲናዊው መሐንዲስ ሊቪዮ ዳንቴ ፖርታ ውሃውን በኬሚካል በመግራት ቅርፊት የሚባል ነገር እንዳይኖር ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል። ብዙ የጉብኝት ባቡሮች ዛሬ የሱን ፈለግ ነው የሚከተሉት።

ኬሚካሉ ግን ከመታጠብ አያድንም። ቦይለር የሚታጠበው ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ተጣድፈህ ቀዝቃዛ ውሃ ከለቀቅክበት ብረቱ እኩል አይኮማተርም፣ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ስናስነሳውም እንደዚያው ነው፣ ከዋዜማው ጀምሮ በትንሽ እሳት ቀስ እያልን። የመታጠቢያ ቡሾቹ ሲፈቱ መጀመሪያ የሚመጣው ሽታ ነው። የዛገ ብረት፣ ትንሽ ረግረግ ነገር። ከዚያ የውሃ ጎማ እየከተትን ግርጌውን እንገፋዋለን። ከእሳት ሳጥኑ ዙሪያ፣ በሁለቱ ግድግዳዎች መሀል ያለው ክፍተት አራት ጣት ያህል ነው። ጭቃው የሚጠራቀመው እዚያ ነው። መጀመሪያ ቡናማ ጭቃ ይወጣል፣ ቀጥሎ ግራጫ አሸዋ፣ ቀጥሎ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሱ ስባሪዎች። ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ አናቆምም። ከዚያ መብራትና ትንሽ መስታወት ይዘን በየቀዳዳው እናያለን።

ሁለቱን ግድግዳዎች ያያያዙት ብሎኖች በመቶዎች ናቸው፣ በትልልቆቹ ሎኮሞቲቮች ከሺ ይበልጣሉ። በየጊዜው በመዶሻ ይመታሉ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰበረው የደነዘዘ። ብዙዎቹ ደግሞ ጫፋቸው ላይ ቀጭን ቀዳዳ አላቸው። ብሎኑ ከተሰነጠቀ በዚያች ቀዳዳ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ራሱን ያጋልጣል። የጋሼ ጆሮ በሴፍቲ ቫልቭ ጩኸት ብዛት ደክሟል። ስለዚህ እኔ እሳት ሳጥኑ ውስጥ ገብቼ እመታለሁ፣ እሳቸው ከውጭ ጣታቸውን ብሎኑ ጫፍ ላይ አድርገው ይቆማሉ። እኔ በጆሮዬ፣ እሳቸው በጣታቸው። ካልተስማማን ያቺ ብሎን በኖራ ምልክት ይደረግባታል።

ጌቲስበርግ ላይ ከደረሰው በኋላ የአሜሪካ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ደንብ እንደ አዲስ ተጽፎ በ1999 ወጣ። የዕለት ምርመራ አለ፣ የ31 የሥራ ቀን፣ የ92 የሥራ ቀን፣ የዓመት። በግፊት መፈተሽ አለ፤ ቦይለሩ በውሃ ተሞልቶ ከተፈቀደለት ግፊት 25 በመቶ በላይ ይጫናል። በእንፋሎት የማይፈተሸው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በውሃ የተሞላ ቦይለር ቢሰነጠቅ ያንጠባጥባል እንጂ አይፈነዳም። ትልቁ ደግሞ በ1,472 የሥራ ቀን ወይም በ15 ዓመት፣ ቀድሞ በደረሰው፣ የሚደረገው ነው። ቱቦዎቹ ይወጣሉ፣ የብረቱ ውፍረት በየቦታው በአልትራሳውንድ ይለካል፣ የጥንካሬው ስሌት ከተገኘው ውፍረት ተነስቶ እንደ አዲስ ይሠራል። ብዙ ገንዘብና ዓመታት ይፈጃል።

«ይህ ደንብ ባቡሮቹን ገደላቸው» የሚሉ የባቡር ወዳጆች አሉ። አልስማማም። ደንብ ያልነበረበትን ዘመን አይተናል። አሜሪካ የሎኮሞቲቭ ቦይለር ምርመራ ሕግ ያወጣችው የካቲት 17 ቀን 1911 ነው። ሕጉ ገና ዓመት እንዳለፈው፣ መጋቢት 18 ቀን 1912፣ ሳን አንቶኒዮ ቴክሳስ ውስጥ አንድ ሎኮሞቲቭ ጥገና ላይ ቆሞ ሳለ ፈንድቶ ቢያንስ 26 ሰው ገደለ። አብዛኞቹ የጥገና ሠራተኞች ነበሩ። ባቡር የሚወድ ሰው ባቡር ላይ የሚሠራውንም ሰው ይውደድ እንጂ!

ይህን ሁሉ ስጽፍ ሐሳቤ ወደ ድሬዳዋ ነው የሚመለሰው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ገባ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። እስከ 1950ዎቹ፣ ዲዝሉ እስኪመጣ፣ መስመሩን የያዘው እንፋሎት ነበር። ውሃ ብርቅ በሆነበት በረሃ፣ እናቴን ማንቆርቆሪያዋን ያስጠላት ዓይነት ውሃ እየጠጣ። እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ሳድግ ያየሁት ዲዝሉን ብቻ ነው። ምድር ባቡር ውስጥ የሠሩ ሰዎች ሲያወሩ የሰማሁትም ስለ ኮንትሮባንዱ፣ ስለ ፈረንሳዮቹ አለቆች ነው። ስለ ቦይለሩ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

አባታቸው ወይም አያታቸው ድሬዳዋ አቴሊዬ (የባቡር መጠገኛው) ውስጥ ወይም አሥመራ ላይ የእንፋሎት ባቡር ጠግነው፣ እሳት አንድደው ለነበሩ አንባቢዎች አንድ ልመና አለኝ። ሰውየው በሕይወት ካሉ ሂዱና ጠይቁልኝ። ቦይለሩ በስንት ቀኑ ነበር የሚታጠበው? ውሃው ውስጥ የሚጨመር ነገር ነበር ወይ? ብሎኖቹን በመዶሻ የሚመታው ማን ነበር፣ ሥራውንስ ከማን ተማረ? መልሱ ሁለት መስመር ቢሆንም ላኩልኝ። ፎቶ ከተገኘ ደግሞ፣ ሰዎቹ ከባቡሩ ፊት ተሰልፈው የተነሱት ሳይሆን የነጂው ክፍል ውስጥ የተነሳ ቢሆን እመርጣለሁ። መስታወቱ ስንት እንደነበር ማየት እፈልጋለሁ።